ሃያ ድርሃሟ

ዱባይ ሰው ቤት ስሠራ የገጠመችኝ ናት። ዓመታት አልፈዋታል፤ ትዝ ባለችኝ ቁጥር ግን ዛሬም ታንገበግበኛለች።

ወሩ ሐምሌ ነው። በሐምሌ ሙቀት ዱባይ ላይ ፓርክ የሚያምረው ኤሲ ሥር ለተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ማዳም ገና በአሥር ሰዓት «ልጆቹን ዛቢል ፓርክ ውሰጃቸው፣ ራሴን አዞሩት» አለችኝ። «ማዳም፣ ፀሐይዋ ትብረድ» ብላትም ሃያ ድርሃም አስጨብጣ በሩን ዘጋችው። መግቢያው ለአንድ ሰው 5 ድርሃም ነው። ለእኔና ለሁለቱ ልጆች 15። ሒሳቧ ልክ ነበር።

ሾፌሩ አውርዶን ሄደ። የበሩ ጥበቃ ግን ብሯን ዞር ብሎም አላያት።

«ኖል ካርድ፣ ሲስተር።» ኖል ብር ሞልተው ሜትሮም ፓርክም የሚከፍሉባት ካርድ ናት።

«ካሽ ነው የያዝኩት።»

«ካሽ ኖ። ኖል።»

«ወንድሜ፣ እባክህ ልጆቹን እያቸው።»

አያቸው። እውነት ለመናገር አዝኖ ነው ያያቸው። ከዚያ «ኖል» አለኝ።

የራሴን ካርድ አወጣሁ። ለዕረፍት ቀኔ የሞላኋት ናት፤ በሜትሮ ዴራ ሄጄ እንጀራ የምበላባት። ማሽኑ ሦስቴ ጢጥ አለ። ሦስቱም ሆዴ ውስጥ ገቡ።

ውስጥ ስንገባ ሸርተቴው ምጣድ ሆኗል። ትንሹ ገና ከመቀመጡ ዘሎ ተነሣ። ትልቋ ደግሞ 150 ሜትር የሚረዝመውን፣ የሥዕል ፍሬም የመሰለውን ወርቃማ ሕንፃ፣ የዱባይ ፍሬምን እያሳየች «እዚያ እንውጣ» ትለኛለች። የእሱ ቲኬት ሌላ ነው። እስኪመሽ ዛፍ ሥር ተኮለኮልን። ሲመሽ ቤተሰቡ ሁሉ ምንጣፉንና ፔርሙዙን ይዞ ጎረፈ፣ ሳሩ በልጅ ተሞላ። ሾፌሩ የመጣው ያኔ ነው።

ሃያዋን ድርሃም እንዳለች መለስኩላት። ምን ነካሽ አትበሉኝ። «ታዲያ በምን ገባችሁ?» ትላለች ብዬ ነዋ! መልሴን መኪና ውስጥ ስለማመድ ነው የመጣሁት።

ማዳም ብሯን አየች። እኔን አየች።

«ውይ፣ ነፃ ነው እንዴ?»

አፌን ከፈትኩ። እህቷ ሳሎን ቁጭ ብላለች። በእንግዳ ፊት 15 ድርሃም ልቆጥርባት? ይሉኝታዬ ጉሮሮዬን ያዘኝ።

«አዎ፣ ማዳም።»

እንዴት «አዎ» እንዳልኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። በዕረፍት ቀኔ የሜትሮው በር ቀይ አበራብኝ። ለጓደኛዬ ደውዬ ብነግራት «ለአሠሪሽ ደሞዝ መክፈል ጀመርሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። እኔም አዲስ ለሚመጡ ልጆች «ከቤት ሳትወጡ ኖሉን ጠይቁ» እያልኩ መምከር ጀመርኩ። ራሴ ግን ሳልጠይቅ ሁለት ጊዜ ተመላለስኩ።

በሦስተኛው ሳምንት ማዳም የእህቷን ሁለት ልጆች ጨመረችልኝ። «አታስቢ፣ ነፃ ነው» አለቻት፣ ወደ እኔ እያመለከተች። የእህቷ ትንሹ ልጅ ሁለት ዓመት አልሞላውም። እሱስ እውነትም ነፃ ነበር።