ደርካይም፣ የእማዬ እድርና ሁለት ገጽ ፔፐር

የሶሺዮሎጂ ክላሲካል ቲዎሪ ኮርስ ላይ መምህራችን "በየሁለት ሳምንቱ ሁለት ገጽ ትጽፋላችሁ፣ አንድ ቲዎሪ ይዛችሁ አንድ ነገር ላይ ትሞክሩታላችሁ ከዛ ትተቹታላችሁ" ሲለን ክላሱ በሙሉ ፈገግ አለ፣ ሁለት ገጽ ምን አላት ብለን ነዋ። አሁን ሳስበው ሃያ ገጽ ቢሆን ይሻለን ነበር፣ ሃያ ገጽ ውስጥ መደበቂያ አይጠፋም።

የመጀመሪያዋ ፔፐሬ ታሳፍራለች። አንዱን ገጽ የፈረንሳዊው ሶሺዮሎጂስት የደርካይም የህይወት ታሪክ በላው፣ በ1858 ኤፒናል ተወለደ፣ አባቱ ረቢ ነበር፣ በ1917 ሞተ ምናምን (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩት)። ከዛ ሶሊዳሪቲ (ማህበረሰብን አንድ ላይ የሚይዘው ትስስር) ሁለት ዓይነት ነው፣ ሜካኒካል ሰዎች ስለሚመሳሰሉ የሚተሳሰሩበት፣ ኦርጋኒክ ደግሞ ስራቸው ተለያይቶ አንዱ ያለአንዱ መኖር ስለማይችል የሚተሳሰሩበት ነው ብዬ ከሃንድአውቱ ገለበጥኩ፣ መጨረሻ ላይ ትችት ተብዬ አንድ መስመር፦ "ሆኖም ደርካይም አውሮፓዊ ስለሆነ ቲዎሪው ለአፍሪካ አይሰራም።" መምህሩ ከስሩ በቀይ እስክሪብቶ አንድ ቃል ብቻ ነው የጻፈው። "እና?"

ይቺ "እና?" ሳምንት ሙሉ ስታበግነኝ ከረመች ግን ልክ ነው። ሰውየው የየት አገር ሰው እንደሆነ ነገርኩት እንጂ ሃሳቡ የቱ ጋ እንደሚሰበር መች አሳየሁት። ደግሞ እኔ ብቻ አይደለሁም፣ ጀርመናዊው ሶሺዮሎጂስት ዌበር ሲደርስ ግማሹ ክላስ "ዌበር ቢሮክራሲ ቀልጣፋ ነው ብሏል፣ የኛ ቀበሌ ግን ፋይል ይጠፋበታል፣ ስለዚህ ዌበር ተሳስቷል" ብሎ ነው የጻፈው። ሰውየው አይዲያል ታይፕ (እውነታውን የምናስተያይበት በሃሳብ የተሳለ ሞዴል) ሲል እኮ መለኪያ ሜትር ነው የሰጠን፣ ጨርቁ ስላጠረ ሜትሩ አይወቀስም።

እንግዲህ እሁድ እማዬ የእድር ወርሃዊ ክፈልልኝ ብላ ላከችኝ። ተራ ይዤ ቆሜ ፊት ለፊቴ ያለው ሰውዬ ባለፈው ቀብር ስም ሲጠራ ስላልነበረ ተቀጣ። ፀሐፊው መዝገቡ ላይ ቀይዋን ክብ አሳዩት፣ ሰውዬው ከኪሱ አውጥቶ ከፈለ፣ ደረሰኝ ተቆረጠለት፣ ከዛ ፀሐፊው "ልጅህ ተሻለው?" ብለው ጠየቁትና ተሳስቀው ተለያዩ። በቃ፣ ፔፐሬን እዛው ሰልፍ ላይ አገኘኋት።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ደርካይም በ1893 ስለ ስራ ክፍፍል በጻፈው መጽሐፍ ሶሊዳሪቲ በዓይን ስለማይታይ ህግን እንይ ይላል። ጥፋተኛውን ለማሰቃየትና ለማዋረድ የሚቀጣ ህግ ከበዛ ሜካኒካል፣ የተበላሸውን ወደ ቦታው የሚመልስ ህግ ከበዛ ኦርጋኒክ፣ ደግሞም ማህበረሰቡ ባደገና ስራ በተከፋፈለ ቁጥር ሁለተኛው የመጀመሪያውን እየገፋው ይሄዳል። እኔም የእድሩን መተዳደሪያ ደንብ ለምኜ ፎቶ አንስቼ አነበብኩት። ደንቡ ቁጭ ያለ ውል ነው፣ ይሄን ካጎደልክ ይሄን ትከፍላለህ፣ ማንም አይቆጣህም። ነጋዴው፣ ሹፌሩ፣ አስተማሪው፣ ሙስሊሙ ክርስቲያኑ አንድ መዝገብ ላይ ነው ያለው። ኦርጋኒክ ነው ብዬ ልጽፍ ስል ትዝ አለኝ፣ ለቅሶ ቤት ሳይደርስ የቀረ ጎረቤት ምን እንደሚባል። ደንቡ ላይ አንድም መስመር የለበትም፣ ገንዘብም አይጠየቅም፣ ግን ሰፈሩ አስር አመት ሙሉ አይረሳለትም። ውሉና ቁጣው አንድ ድንኳን ስር ተቀምጠዋል፣ አንዱ ሌላውን ሲገፋ አላየሁም።

ትችቴ ከዚህ ወጣ። ደርካይም ባህልና ህግ ሊጋጩ ይችላሉ የሚለውን ጥያቄ ራሱ ያነሳዋል፣ ግን ያ ከተለመደው የወጣ ነገር ነው ብሎ ያልፈዋል። እኛ ሰፈር ግን የተለመደው እሱ ነው፣ ስለዚህ የተጻፈውን ህግ ብቻ ለሚቆጥር ሰው ዋናው ቅጣት አይታየውም።

በዚህ ልቤ ተሞልቶ "በግለሰብና በመንግስት መሃል ስላሉ ማህበራት አላሰበም" የሚል ደፋር አንቀጽ ጨመርኩ። ደግነቱ ከማስገባቴ በፊት ማታ ዶርም ተኝቼ የዚያኑ መጽሐፍ የ1902ቱን ሁለተኛ እትም መቅድም ከፈትኩ። መቅድሙ በሙሉ ስለ ሙያ ማህበራት ነው! እንዲያውም የጥንቶቹን የሮማ ማህበራት ሲያነሳ ብዙዎቹ አባሎቻቸውን ይቀብሩ እንደነበር፣ የጋራ መቃብር ሁሉ እንደነበራቸው ይጽፋል። እድር በሉት። ያቺን አንቀጽ ሳጠፋ ጆሮዬ ድረስ ነው የጋለኝ፣ ማንም አላየኝም እኮ።

ማስገቢያው ቀን ጠዋት ሰጥቼ ማታ ቤት ሄጄ ለእማዬ በአማርኛ አነበብኩላት። ቡና እየቆላች ዝም ብላ ሰማችኝ፣ "በቅጣቱ ማንም አይቆጣም" የሚለው ጋ ስደርስ ግን መቁያውን አስቀመጠች።

"ማን ነው አይቆጣም ያለህ? የሚያናድደውማ እሱ ነው፣ ከፍሎ የሚቀረው። ድሃውስ ተቸግሮ ነው ይባላል፣ ገንዘቡን ወርውሮ ሬሳ የማይሸኘውን ግን ፀሐፊው ራሳቸው ናቸው የሚያሙት።"

"ሲስቁ አየኋቸው እኮ እማዬ!"

"ታዲያ ፊት ለፊቱ ያልቅሱለት?"