የፊት አክስል ስንቀይር፦ መሪውና ፍሬኑ

ባለፈው በጋ የድሮ ሂሉክሴን ከቶርሽን ባር (እየተጠመዘዘ እንደ ሞላ ከሚሠራው የብረት ዘንግ) አላቅቄ በባሌስትራ ላይ የተቀመጠ ድፍን የፊት አክስል፣ ማለትም ሁለቱን ጎማዎች በአንድ ላይ የሚይዝ፣ አስገባሁለት። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ሥር ወዳሉት ቀበሌዎች ድንች ለመጫን በወጣሁ ቁጥር ድንጋዩና የመረሬው ጭቃ የፊት እግሩን ሲበላው ሰልችቶኝ ነበር። ቶዮታ ለአሜሪካ ገበያ የሚልከውን ሂሉክስ በፈረንጆች 1986 እያንዳንዱ የፊት ጎማ ለብቻው ወደሚንቀሳቀስበት አሠራር ቢያዞረውም፣ ለሌሎች አገሮች ድፍኑን አክስል ከዚያ በኋላም ለዓመታት ስለ ሠራ፣ ከተፈታ መኪና ላይ አንድ ማግኘት አልከበደንም። ከቴላዮው (ከመኪናው የብረት አጥንት) ጋር ማሰሩም ልክ የሚጠይቅ ብየዳ ነው እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም። ላባችንን ያፈሰሰው መሪውና ፍሬኑ ነው።

የመሪው ሳጥን ከሥሩ የወጣውን የብረት እጅ ወደ ግራና ቀኝ የሚያወዛውዝ ስለሆነ፣ ከእርሱ የሚነሣው ዘንግ መኪናውን አቋርጦ በቀኝ ጎማ በኩል ካለው እጅ ጋር እንዲገናኝ አደረግን። ነገር ግን ሳጥኑ ከፍ፣ አክስሉ ዝቅ ብሎ ስለቀረ ዘንጉ እንደ ጣራ ወራጅ አጋደለ። አክስሉ ባሌስትራውን ተከትሎ ቀጥ ብሎ ሲነሣ የዘንጉ ጫፍ ቅስት ይሠራል፤ ዘንጉ ይበልጥ ባጋደለ መጠን በሁለቱ ጉዞ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋና ጎማውን ገፍቶ ያዞረዋል። ወደ ቢቸና ስሄድ መሪውን ሳላንቀሳቅስ መኪናው በየጉድጓዱ ወደ ጎን ሲዘል ያየሁት ይህንኑ ነው።

ዘንጉን ለማስተካከል መጀመሪያ የታየኝ አቋራጭ የሳጥኑን እጅ በእሳት ማጉበጥ ነበር። የቶርኖ ቤቱን ባለቤት «ጋሼ፣ ይችን እጅ አግለው ቢያጎብጡልኝስ?» ብላቸው፣ «አላደርገውም ልጄ፤ ይህ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በእሳት ነው፤ መልሼ ካጋልሁት ወይ ይለሰልሳል ወይ ይሰነጠቃል» ብለው ወደ እኔ ገፉት። ስለዚህ ከወፍራም ብረት አዲስ እጅ ቆርጠን፣ በቀኝ ጎማው መዞሪያ አናት ላይ በአራቱ ብሎኖች አሰርነው፤ ዘንጉም ወደ አግድም ተጠጋ። በብሎኖቹ ሥር የሚገቡት፣ ጎናቸው የተሰነጠቀ ሾጣጣ ዋሸሮች ትንሽ ቢመስሉም እጁን ከመወላወል የሚይዙት እነርሱ ናቸው፤ በተራ ዋሸር መተካት አይገባም።

ሁለቱን ጎማዎች የሚያገናኘውን ዘንግ ስፌት ከሌለው ወፍራም ቧንቧ ሠራነው። የውኃ ቧንቧ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በመሪ ላይ አልሞክረውም። ጫፎቹ በቶርኖ ወጥተው አንደኛው የቀኝ፣ ሌላኛው የግራ ጥርስ ስለተቆረጠላቸው፣ ቴስቲናዎቹን (የዘንጉን ጫፍ መጋጠሚያዎች) ሳንፈታ ዘንጉን ብቻ በማዞር ጎማዎቹን ማስተካከል ተችሏል።

የፍሬኑ ስሕተት የእኔ የራሴ ነው። የፍሬን ዘይት ወደ ጎማዎቹ የሚያደርሰውን የላስቲክ ቱቦ ርዝመት የለካሁት መኪናው መሬት ላይ ቆሞ ሳለ ነበር። በኋላ ቴላዮውን በክሪክ አንሥተን አክስሉ ሲንጠለጠል ቱቦው እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፤ መሪውን ወደ ጥግ ስናዞረው ደግሞ ጫፉ ላይ ያለው ብረት መታጠፍ ጀመረ። ያን ዕለት መንገድ ላይ ሆኜ ቢሆን ኖሮ አንድ ጥልቅ ጉድጓድ ይበቃው ነበር። ረዘም ያለ ቱቦ አስገብተን፣ አክስሉ እንደተንጠለጠለ መሪውን ከጥግ እስከ ጥግ እያዞርን ጎማውንም ባሌስትራውንም እንደማይነካ አየን።

የብረት መስመሩ 4.76 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የፍሬን ቧንቧ ነው፤ የማቀዝቀዣ ጠጋኞች የሚጠቀሙበትን መዳብ ለዚህ ማዋል አደጋ ነው። ጫፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ድርብ ከንፈር መያዝ አለበት። የመጀመሪያው ከንፈር ወደ አንድ ጎን ስላደላብኝ፣ ረዳቴ ፍሬኑን ረግጦ ሲይዝ ከማሰሪያው ዳዶ ሥር የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል ጠብታ ብቅ አለች። ቆርጬ እንደገና ሠራሁት።

ዘይቱንም ቀይሬዋለሁ። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ከታሸገበት እንደተከፈተ ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች አይፈላም፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ወደ 155 ይወርዳል። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ጭነት ይዞ ለሚወርድ ሰው ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም፤ ዘይቱ ከፈላ እንፋሎቱ ይታመቅና እግር ወለል ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ አሮጌውን ዘይት ጨርሰን አስወጥተን፣ ከፖምፓው ከሚርቀው የኋላ ጎማ ጀምረን አየሩን አወጣን።

አንድ ሥራ ቀርቷል። የኋላውን የፍሬን ኃይል በጭነቱ ልክ የሚመጥነው ቫልቭ ዘንጉ ከኋላ አክስሉ ጋር የተያያዘ ነው። የኋላውን ከፊቱ ጋር ለማስተካከል ከፍ ስላደረግነው፣ ቫልቩ መኪናው ባዶ እንደሆነ ቆጥሮ ለኋላ ጎማዎች ያነሰ ግፊት ይልካል። የማያያዣውን ቅንፍ እስክናስተካክል ድረስ ድንቹን እስከ ማርቆስ ብቻ ነው የማደርሰው።