ሚልና የእህል ነጋዴው ደጃፍ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ላይ በነበረ ውይይት «ሁሉም የፈለገውን ይናገር ካልን አገር ይታመሳል» የሚል ሙግት ተነሣ። እንግሊዛዊው ፈላስፋ ጆን ስቱዋርት ሚል በ1859 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የነፃነት መጽሐፉ ለዚህ መልስ ሰጥቷል።

«እህል ነጋዴዎች ድሃውን በረሃብ ይፈጁታል» ብሎ በጋዜጣ መጻፍ አይከለከልም ይላል። ያንኑ ቃል በነጋዴው ደጃፍ ለተሰበሰበ ቁጡ ሕዝብ መናገር ግን ሊያስቀጣ ይችላል። ቃሉ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሁኔታው ነው። ጤፍ ሲወደድ የእኛን ገበያ አስቡት። ነጋዴውን በስብሰባ መውቀስ፣ ዋጋውን ማማረር መብት ነው። የተቆጣ ሰው አስከትሎ መጋዘኑ በር ላይ «ይኸው ሌባው!» ማለት ሌላ ነው።

የሚል መርሕ የሰውን ነፃነት መገደብ የሚቻለው በሌላው ላይ ጉዳት እንዳይደርስ ለመከላከል ብቻ ነው የሚል ነው። ብዙ ሰው የሚስተው «ጉዳት» የሚለው ላይ ነው። በሌላው ሃሳብ ወይም አኗኗር መናደድ ብቻውን ጉዳት አይደለም፤ ቢሆንማ ማንም ማንንም ዝም ማሰኘት በቻለ ነበር።

ሚል የማኅበረሰብ ጫና ከብዙ ዓይነት የመንግሥት ጭቆና ይከፋል ይላል፤ ጓዳ ድረስ ገብቶ ማምለጫ ያሳጣልና። «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ ላደገ ይህ ግልጽ ነው። ጠባዩ ያልጣመንን ሰው መምከር፣ ካልሆነም መራቅ እንችላለን። አድሞ ከዕድር ማስወጣት ግን፣ በእኔ እምነት፣ ቅጣት ነው።

የማልቀበለው አንድ ነገር አለ። ሚል ይህን ነፃነት «ኋላ ቀር» ላላቸው ሕዝቦች ነፍጓል። በ1823 እ.ኤ.አ. ተቀጥሮ እስከ 1858 እ.ኤ.አ. ያገለገለው ሕንድን ይገዛ በነበረው የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነበር።