ሁለት ስም ያለበት ካርታ

ቤት የሚገዛ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ጣሪያው ያፈስ እንደሆን ይጠይቃል፣ ግድግዳውን መታ መታ ያደርጋል፣ ቧንቧ ከፍቶ የውሃውን ግፊት ይመለከታል። ወረቀቱን ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው በመጨረሻ ነው፤ ያውም ፎቶ ኮፒውን። እኔ የምሠራው ሻጭና ገዢ ከመፈራረማቸው በፊት ሰነድ በሚያጣራ ቢሮ ውስጥ ነው። በዚህ ሥራ ስቆይ ከአጭበርባሪ ሻጭ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሌላ ሰው ነው። አጭበርባሪን ሰው ይጠረጥረዋል። የራሱ ያልሆነውን የራሱ መስሎት የሚሸጠውን ቅን ሰው ግን ማንም አይጠረጥረውም።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት ቤት ወደው ወደ እኛ መጡ። ሻጩ በዕድሜ የገፉ፣ ረጋ ያሉ አባት ናቸው። በቤቱ ለብዙ ዓመታት ኖረውበታል። ግብሩን የሚከፍሉት እሳቸው፣ ጣሪያውን ያስቀየሩት እሳቸው፣ አጥሩን ያሠሩት እሳቸው። ጎረቤቱ ሁሉ የሚያውቀው የእሳቸው ቤት ብሎ ነው። ገዢዎቹ ስለ ሰውየው ጠያይቀዋል፤ ክፉ የሚያወራ አላገኙም። ሚስትየዋ የካርታውን ኮፒ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ «ሁሉም ያለቀ ነው፣ ውሉን ብቻ እዩልን» አለችን። ቀብድ የሚከፍሉበትን ቀን ሳይቀር ቆርጠዋል።

አለቃዬ በኮፒ ላይ ተመሥርታ አስተያየት አትሰጥም። ዋናው ካርታ ቢመጣላት እንኳ መዝገቡን ሳታይ አትናገርም። ትክክል ናት። ሻጭ እጅ ላይ ያለ ወረቀት የሚነግረን ወረቀቱ በተሰጠበት ቀን የነበረውን ነው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ለብድር መያዣ ሆኖ ቢሆን፣ ፍርድ ቤት ቢያግደው፣ ሌላ ሰው መብት ቢያስመዘግብበት የሚገኘው መዝገቡ ላይ ነው። ስለዚህ ከመዝገቡ የተረጋገጠ ግልባጭ አስወጣን።

ግልባጩ ከአንድ ገጽ በላይ ነበር። ገዢዎቹ ያመጡት ኮፒ ግን የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ነው። የባለቤቶቹ ዝርዝር ወደ ቀጣዩ ገጽ ይሻገራል፤ እዚያ ላይ የሻጩ ታናሽ ወንድም ስም አለ። ከሥሩ ደግሞ «እያንዳንዳቸው ግማሽ» ተብሎ ተጽፏል። ተንኮል የለበትም። ድሮ አንድ ሰው የፊቱን ገጽ ብቻ ኮፒ አድርጎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የኮፒ ኮፒ ሲነሳ ኖሯል።

ሻጩን ጠራናቸው። አለቃዬ ወንበር ሳበችላቸውና ወረቀቱን ዘረጋችላቸው።

«አባቴ፣ ይህ ሁለተኛው ስም የማን ነው?»

«የታናሽ ወንድሜ ነዋ። አብረን ነው የገዛነው። ነፍሱን ይማረውና ሞቷል እኮ፣ ልጄ።»

«ልጅ ነበራቸው?»

«አንዲት ሴት ልጅ አለችው። ርቃ ነው የምትኖረው። ግን እሱ ከሞተ ቤቱ የኔ አይደል? የጠበቅኩት እኔ፣ የገበርኩት እኔ።»

የእሳቸውን ጥያቄ ማንም እንዲንቀው አልፈልግም። መልሱ «አዎ» የሚሆንበት ሁኔታ አለ። እንግሊዝና አሜሪካ፣ አውስትራሊያም፣ ሁለት ዓይነት የጋራ ባለቤትነት ያውቃሉ። በአንደኛው፣ ባለቤቶቹ ቤቱን በአንድነት ይይዛሉ፤ አንዱ ሲሞት ድርሻው ወደ ልጆቹ ሳይሄድ በሕይወት ላለው ይጠቃለላል። ኑዛዜ እንኳ አይመልሰውም። በሁለተኛው ግን እያንዳንዱ የየራሱ ድርሻ አለው። ድርሻውን ሊሸጠው፣ ሊናዘዘው ይችላል፤ ሲሞትም ለወራሾቹ ያልፋል። የፈረንሳይን ዓይነት ሕግ በሚከተሉ አገሮችም የተለመደው የድርሻ አያያዝ ነው።

እኛ ፊት ያለው መዝገብ «እያንዳንዳቸው ግማሽ» ይላል። በዚህ ነገሩ ተቆረጠ። የወንድምየው ግማሽ ለልጁ አልፏል። ስሟ ገና አልተመዘገበም እንጂ ቤቱ ውስጥ ድርሻ አላት።

ግብር መክፈልስ? ግብር መክፈል ሰውየው ግብር መክፈሉን ያሳያል። ለማስረጃነት ይረዳ ይሆናል፣ ባለቤት ግን አያደርግም። ንብረትን ለረዥም ጊዜ በመያዝ ባለቤት መሆን በብዙ አገር ሕግ ውስጥ አለ፤ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። የጋራ ባለቤት ሲሆን ደግሞ ይከብዳል፤ ቤቱን ይዞ የተቀመጠው ወንድም ለራሱም ለሌላውም እንደያዘ ነው በአብዛኛው የሚታሰበው።

ሰውየው ፊታቸው ተለወጠ። «ሌባ አደረጋችሁኝ?» አሉ። አለቃዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ማንም እንዲህ አላለዎትም አባቴ። የእርስዎ ግማሽ የእርስዎ ነው፣ ማንም አይነካውም። እኛ የምንለየው እሱን ነው» አለቻቸው። እንዲህ ያለ ንግግር በሥራችን ትልቅ ቦታ አለው ብዬ አምናለሁ። ሽማግሌውን ብናስቀይማቸው ጉዳዩ ሽያጭ መሆኑ ቀርቶ የቤተሰብ ጠብ ይሆን ነበር።

ደላላው ግን ቸኩሏል። «ሌላ ገዢ በር ላይ ቆሟል» አለ። መፍትሔም አመጣ፤ ሽማግሌው አሁን ይፈርሙ፣ «ጥያቄ ያነሳ ሰው ካለ ገንዘቡን እመልሳለሁ» የሚል አንቀጽ ይግባበት፣ የወንድም ልጅ ኋላ ትስማማለች። ብዙ ገዢ በዚህ አንቀጽ ይረጋጋል። እኔ አልረጋጋበትም። የሻጭ ዋስትና የሚጠቅመው ጥያቄው በተነሳበት ቀን ሻጩ የሚከፍለው ገንዘብ ካለው ነው። እሳቸው ደግሞ ቤቱን የሚሸጡት ገንዘቡን ለልጆቻቸው ሊያካፍሉት ነው።

ቢፈርሙ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ማንም የሌለውን መብት ለሌላ ማስተላለፍ አይችልም፤ ይህ ከሮማውያን ዘመን ጀምሮ የቆየ የሕግ መርህ ነው። ስለዚህ ገዢዎቹ የሙሉ ቤት ዋጋ ከፍለው የሚያገኙት ግማሽ መብት ነው። ከማያውቋት ሴት ጋር የጋራ ባለቤት ይሆናሉ። እሷ ደግሞ በፈለገች ቀን «ድርሻዬ ይለይልኝ» ብላ መክሰስ ትችላለች። ቤቱ ለሁለት የማይከፈል ከሆነ ፍርድ ቤት በጨረታ እንዲሸጥ ሊያዝ ይችላል። ጣሪያው አያፈስም፣ ውሃው ጥሩ ነው፣ ቤቱ ግን ከእጅ ይወጣል።

ባልየው እዚህ ላይ ጥሩ ጥያቄ ጠየቀን። «መዝገቡ ላይ ከተጻፈ እንግዲህ አበቃ ማለት ነው?» አለ።

እንደየአገሩ ነው። ሮበርት ቶረንስ የሚባል የደቡብ አውስትራሊያ ሰው ነበር፤ ቀድሞ የጉምሩክ ሹም የነበረ። በእሱ ግፊት እ.ኤ.አ. በ1858 በዚያ የወጣው ሕግ የምዝገባን ትርጉም ለወጠ። ከዚያ በፊት ገዢ የድሮ ውሎችን ሰንሰለት ወደኋላ እየተከተለ፣ እያንዳንዱ ሽያጭ በትክክል መፈጸሙን ማረጋገጥ ነበረበት። በቶረንስ ሥርዓት ግን ባለቤትነትን የሚሰጠው ምዝገባው ራሱ ነው፣ መንግሥትም ይቆምለታል። በአብዛኛው የአሜሪካ ክፍል ግን ምዝገባ ማለት ሰነዱን ተቀብሎ ለሕዝብ ክፍት ማድረግ ነው፤ ቢሮው የሰነዱን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። ሰንሰለቱን መመርመር የገዢው ዕዳ ነው።

ይህ ልዩነት ምን ያህል እንደሚጎዳ የሚያሳይ አንድ ክርክር ከአእምሮዬ አይወጣም፤ የእኔው ሙያ ስለሆነ ይሆናል። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሙርሄድ የሚባል ሰነድ አጣሪ በአንድ ንብረት ላይ የተመዘገበ ዕዳ አየ። የሕግ ባለሙያ «ይህ ንብረቱን አይነካም» ስላለው ለገዢው ለዋትሰን ንጹሕ ነው አለው። ዕዳው ግን ይነካ ነበር፣ ገዢው ከሰረ። እ.ኤ.አ. በ1868 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አጣሪው የባለሙያ ምክር ይዞ በቅንነት ስለሠራ ኃላፊነት የለበትም ብሎ ወሰነ። በዚህ የተነሳ ነው በ1876 ፊላደልፊያ ውስጥ የባለቤትነት መድን፣ ማለትም በባለቤትነቱ ላይ ጉድለት ቢገኝ ገዢውን የሚክስ ኢንሹራንስ፣ የሚሸጥ ኩባንያ የተቋቋመው። አጣሪ ጥፋት የለበትም ተብሎ ገዢ ቤት አልባ የሚሆንበት ዕድል እንዳለ የሚያውቅ ሰው አንድ ገጽ አይዘልም።

መዝገቡ ጠንካራ በሆነበት አገርም ቢሆን ቤቱን ሄዶ ማየት አይቀርም። ለምሳሌ በእንግሊዝ ሕግ ቤቱ ውስጥ በእርግጥ የሚኖር ሰው ያለው መብት ባይመዘገብም ገዢውን ሊያስገድድ ይችላል። ስለዚህ ክፍሎቹን ስታዩ ማን እንደሚኖርባቸውና በምን ምክንያት እንደሚኖር ጠይቁ።

የወንድም ልጅ በስልክ ተገኘች። አጎቷ ራሳቸው ደወሉላት። እሷም «አጎቴ እርስዎ እንዲኖሩበት ብዬ ነው እንጂ ረስቼው አይደለም» አለቻቸው። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ለጥቂት ጊዜ መናገር አቃታቸው። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀለለ። ለጣሪያውና ለአጥሩ ያወጡት ገንዘብ መጀመሪያ ተነስቶላቸው፣ የቀረው እኩል እንዲካፈል ተስማሙ። የወራሽነት ማስረጃ አወጣች፣ ለጠበቃ ውክልና ሰጠች። ውክልናውን ቃል በቃል አነበብነው። «ንብረቴን እንዲያስተዳድር» የሚል ብቻ ከሆነ ለሽያጭ ላይበቃ ይችላል፤ ይህን ቤት መሸጥና ገንዘቡን መቀበል የሚል መኖር አለበት። አለመሻሩንም አረጋገጥን።

ግልባጩ ላይ ሌሎች ሁለት ነገሮችም ነበሩ። አንዱ ወንድማማቾቹ ቤቱን ሲገዙ የተበደሩት ገንዘብ መያዣ ነው። ብድሩ ድሮ አልቋል፣ የመያዣው ምዝገባ ግን አልተሰረዘም። መያዣ የሚከተለው ቤቱን ስለሆነ ባንኩ የስረዛ ደብዳቤ እንዲጽፍ አደረግን። ሁለተኛው ጎረቤት በጓሮው በኩል የሚያልፍበት የመተላለፊያ መብት ነው። ሚስትየዋ ይህን ስትሰማ ደነገጠች፤ ተጨማሪ ክፍል ልትሠራ ያሰበችው እዚያው ላይ ነበር።

ውሉ ሲዘጋጅ የገዢዎቹን ስም እንዴት እንጻፍ ብለን ጠየቅናቸው። «በሁለታችንም ስም» አሉ። በምን ዓይነት? ባልየው ከቀድሞ ትዳሩ ልጅ አለው። ለሚተርፈው ይጠቃለል ቢባል ያ ልጅ ከቤቱ ምንም ላያገኝ ይችላል። ወጥተው ለብቻቸው ተነጋገሩና ተመልሰው በድርሻ ይሁን አሉ፤ ከግዢው ገንዘብ ብዙውን የከፈለችው እሷ ስለሆነች የእሷ ድርሻ ከፍ ብሎ ተጻፈ።

ገንዘቡ ለሻጮች በቀጥታ አልተሰጠም፤ ምዝገባው እስኪያልቅ በሦስተኛ ወገን ሒሳብ ተቀመጠ። በፊርማና በምዝገባ መካከል ያለው ጊዜ አደገኛ ነው። ጀርመንን በመሰሉ አገሮች ባለቤትነቱ የሚተላለፈው መዝገቡ ላይ ሲገባ እንጂ ሲፈረም አይደለም። በዚያ መሐል ለሻጩ ያበደረ ሰው እገዳ ሊያስገባ ይችላል። ስለዚህ በሚፈራረሙበት ቀን ጠዋት መዝገቡን እንደገና አየነው። አዲስ የገባ ነገር አልነበረም። ተፈራረሙ፣ መያዣው ተሰረዘ፣ የሁለቱ ስም ከነድርሻቸው ገባ፣ ገንዘቡም ለአጎትና ለወንድም ልጅ በየድርሻቸው ተለቀቀ። የጎረቤቱ መተላለፊያ ግን እንዳለ ቀረ፤ ክፍሉን በፊት ለፊት በኩል ሠሩት።