ለመቀጮም ይግባኝ ይባላል

«ለዚህች መቀጮ ነው ይግባኝ የምትለው?» አለኝ አንድ አንጋፋ ጠበቃ፣ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ። «ከፍላ ትገላገል እንጂ! አንተስ ሥራ ፈታህ እንዴ?» ደንበኛዬ አጠገቤ ቆማ እየሰማች ነው።

ክሱ የእጅ እልፊት ነው፤ የአካል ጉዳት ሳያደርሱ ሰው መምታት። ኮንዶሚኒየም፣ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ ጎረቤት። ያለ ጠበቃ ቀረበች፤ በዚያው ቀጠሮ ጥፋተኛ ተብላ መቀጮ ተጣለባት። እኔ ጋ ስትመጣ የይግባኝ ማስታወቂያ የሚሰጥበት 15 ቀን ሊያልቅ ነው። የጨነቃት ገንዘቡ አይደለም። ሕፃናት መዋያ ልትቀጠር ነው፤ «ከወንጀል ነፃ» የሚል ወረቀት አምጪ ተብላለች።

የፍርዱ ግልባጭ «ተከሳሽ ድርጊቱን መፈጸሟን አምናለች» ይላል። ይሄ ለይግባኝ ክፉ መስመር ነው። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 185 መሠረት፣ አምኖ የተፈረደበት ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ላይ እንጂ በጥፋተኝነቱ ላይ አይደለም። አንጋፋው ጠበቃም ያያት ይህችን መስመር ብቻ ነው። ልጅቷን አልጠየቃትም። እኔ ጠየቅኳት።

«ዳኛው ክሱን አንብበው ሲጠይቁሽ፣ ቃል በቃል ምን አልሽ?»

«መታሁት አልኩ። እጄን ጠምዝዞ ይዞኝ ነው፣ እንዲለቀኝ ብዬ ነው አልኩ።»

«ሁለተኛውንም ብለሻል?»

«እናቴ ትሙት! ሁለቴ ነው ያልኩት።»

የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ አስወጣን። የተናገረችው አንድም ሳይጎድል አለ። የጠፋው ፍርዱ ላይ ነው። ቁጥር 134 የእምነት ቃል የሚለው የክሱን ፍሬ ነገር በሙሉ ያለ አንዳች ማቅማማት መቀበልን ነው። «መታሁት፣ ግን እጄን ይዞኝ ነው» ያለ ሰው ሕጋዊ መከላከልን፣ ማለትም ራሴን ከጥቃት ለማዳን ነው የሚለውን፣ እያነሳ ነው፤ የወንጀል ሕጉ ቁጥር 78 ለዚሁ ነው የተጻፈው። እንደካደች ተመዝግቦ ምስክር መሰማት ነበረበት። ይህን ለማወቅ ምንም ምርምር አያስፈልግም፤ መዝገቡን ገልጦ ማንበብ ብቻ ነው።

ግልባጩ በደረሰን በ30 ቀን ውስጥ የይግባኝ ቅሬታችንን አስገባን። ከፍተኛው ፍርድ ቤት «ያስቀርባል» አለ፤ ዓቃቤ ሕግ ቀርቦ ይከራከር ማለት ነው። በክርክሩ ቀን የመሐል ዳኛዋ የልጅቷን መልስ ጮክ ብለው አነበቡና ወደ ዓቃቤ ሕጉ ዞሩ።

«ይሄ እምነት ነው?»

ዓቃቤ ሕጉ ወረቀቱን አገላበጠ። «የሥር ፍርድ ቤት እምነት ብሎ ስለመዘገበው…»

«እርስዎን ነው የጠየቅኩት።»

መልስ አልነበረውም። አንጀቴ ራሰ።

ፍርዱ ተሽሮ፣ ቃሏ እንደ ክህደት ተይዞ ክርክሩ እንዲቀጥል ተመለሰ። የዓቃቤ ሕጉ የራሱ ምስክር በመስቀለኛ ጥያቄ ሰውየው እጇን ጠምዝዞ ይዟት እንደነበር ተናገረ። የመከላከያ ማስረጃ ማቅረብ ሳያስፈልጋት በነፃ ተሰናበተች። ሥራው ግን እስከዚያ አልጠበቃትም፤ ሌላ ሰው ቀጠሩበት። ይህን ሳስብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

አንጋፋውን ጠበቃ አሁንም እዚያው ኮሪደር ላይ አገኘዋለሁ። ሰሞኑን አንድ የታክሲ ረዳት የፍርድ ግልባጭ ይዞ ሲያማክረው ሰማሁ። ወረቀቱን አልገለጠውም። «ከፍለህ ተገላገል» አለው። ልጁን ጠርቼ መዝገቡን ተቀበልኩት።