ላስቲኳ ያልወለቀላት ችግኝ፣ የበለሳ ጉዞዬ

ህዳር 2012 ነው፣ ቅዳሜ። ጓደኛዬ በለሳ ያለ አጎቱን ሊጠይቅ ሲነሳ "ጎንደር ተወልደህ ከፋሲል ግንብ ውጪ ምን ታውቃለህ" ብሎ አሽሟጠጠኝና እልህ ይዞኝ ተከተልኩት። በሚኒባስ ማክሰኚት፣ ከዛ አይሱዙ ላይ ተንጠልጥለን ወደ አርባያ። ስለ አቧራው አላወራም፣ ጸጉሬን ሁለቴ ታጥቤም አልለቀቀኝም።

ክረምቱን አገር ምድሩ ችግኝ ሲተክል ነበር፣ እኔም ከቢሮ ወጥተን ሦስት ተክያለሁ (ይጽደቁ አይጽደቁ ሄጄ አላየሁም እውነቱን ለመናገር)። በለሳ ግን ነገሩ ለየት ይላል፣ ዝናብ አጠር ስለሆነ ሴፍቲኔት ገብቶበታል፣ ከ1997 ጀምሮ ያለ ፕሮግራም ነው፣ እህል የማይደርስለት ቤተሰብ በዓመት ለስድስት ወር ያህል፣ በሰው በወር አምስት ቀን እየሠራ ብር ወይ እህል ያገኛል፣ ሥራው ደግሞ እርከን፣ መንገድ፣ ችግኝ ነው። ገበሬው ተራራ ሲያለብስ ይከፈለዋል ማለት ነው እና ብሩ ቤት ገብቶ ምን እንደሚያደርግ ማየት ፈልጌ ነበር።

አጎትየው ሰባ የሚጠጉ ናቸው፣ ጓደኛዬ "አያ" ይላቸዋል፣ እኔም አያ አልኩ። ጠላ በጣሳ ቀረበ፣ የማሽላ እሸት ተጠበሰ። ስለ ዛፍ ስጠይቃቸው ወደ ጣራው ቀና ብለው አንዷን ወራጅ በዱላቸው ነካ አደረጓት። "ይችን የተከልኋት እኔ ነኝ፣ በደርግ ጊዜ።" ያኔ ምግብ ለሥራ ነበር፣ ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት። ማን ቆረጣት ታዲያ አልኳቸው። "እኔው ነኛ!" ብለው ሳቁ። 1983 ላይ መንግሥት ሲለወጥ ተራራው ባለቤት አጣ፣ ሌሊት ሌሊት ሁሉም መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። "ስንዴውንማ በላሁት፣ ዛፉ ግን የመንግሥት ነበር። እሱ ሲሄድ የማን ይሁን? እኔ ብተዋት ጎረቤቴ ይወስዳት የለ?"

ከሰዓት ተራራ ወጣን። መጀመሪያ የተተከለበትን አየሁ፣ ጉድጓዱ በመስመር ተደርድሮ ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ጓደኛዬ አንዲት የደረቀች የግራር ችግኝ ሳብ ቢያደርጋት ሙሉዋን ወጣች፣ ሥሯ ጥቁሯ ላስቲክ ውስጥ እንደተጠቀለለ። ላስቲኩን ሳይቀዱላት ነው የቀበሯት። ሌላ አራት ነቅለን አየን፣ ሁለቱ እንደዛው። ደነገጥኩ ግን መፍረድ አልቻልኩም፣ የሚቆጠርለት የቆፈረውና የተከለው እንጂ ዓመት ቆይቶ የቆመው አይደለማ፣ እኔም ብሆን ፀሐዩ አናቴን እየመታኝ በቁጥር ስሠራ ምላጭ ፍለጋ አልሄድም።

ከሱ ማዶ ከብት እንዳይገባበት የተከለለ ቦታ አለ፣ ምንም አልተተከለበትም። ሳሩ ወገብ ይደርሳል፣ ክትክታው ተነስቷል፣ አለቀለት የተባለ የወይራ ጉቶ ዙሪያውን አቆጥቁጧል። ሳሩን በእጣ ተካፍለው አጭደው ይወስዳሉ፣ አያ የዘንድሮውን ለበሬዎቻቸው ከምረዋል፣ ስለሱ ሲያወሩ አላቆም አሉ።

ስንወርድ ጎረቤታቸውን አገኘናቸው፣ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው። "ሳርማ ደረሰኝ፣ ለማን ላብላው? በሬ የለኝ" አሉኝ። የነበሯቸው ፍየሎች ናቸው፣ ፍየል ደግሞ ቅጠል እየቀነጠበች የምትውል እንጂ የታጨደ ሳር ቢከመርላት ደስ የማይላት ናት፣ ተራራው ሲዘጋ ከሰባቱ አምስቱን ሸጡ። የሳር ድርሻቸውን በሬ ላለው ይሸጣሉ፣ የሴፍቲኔቱ ብር ለዘይት፣ ለጨውና ለልጆች ደብተር ይሆናል። "ብሩ ጥሩ ነው አልዋሽም፣ ፍየሌ ግን ትወልድ ነበር።"

ማታ ጓደኛዬ፣ የተፈጥሮ ሀብት ያጠና ነው፣ የሌላ አገሩን ሲያወራልኝ አመሸ። ወላይታ ሁምቦ ገበሬዎቹ በማህበር ሆነው ከ2,700 ሄክታር በላይ ተራራ ከልለው ከጉቶ የሚያቆጠቁጠውን እየገረዙ አሳደጉ፣ ይከፈላቸው የነበረውም ደኑ ከአየር ስቦ ለያዘው ካርቦን ነው፣ ዛፉ ከቆመ ይከፈላል። ቻይና ደግሞ በፈረንጅ 1999 ጀምራ ዳገት ማሳውን ለዛፍ ለለቀቀ ገበሬ እህልና ብር ትሰጥ ነበር፣ ብዙ ወጣት እጁ ከእርሻው ሲፈታ ከተማ ገብቶ ሥራ ያዘ አለኝ። እሺ እኚህ ሴትዮ የት ከተማ ይግቡ አልኩት፣ ዝም አለ።

እሁድ ማክሰኚት ላይ ሻይ እየጠጣን አንድ አይሱዙ የባህር ዛፍ አጣና ይጭናል። ጫኚውን ማን ከፍሎ ነው ይሄን ያስተከለው ብዬ ጠየቅሁት፣ ቀልድ መስሎት "ባህር ዛፍ ለመትከል ይከፈላል እንዴ!" ብሎ አጣናውን ትከሻው ላይ አደላደለ። ረዳቱ ጎንደር ጎንደር ሲል ሻዩን ትተን ሮጥን።