መሸጥ መለወጥ የሌለበት ውክልና

አባቴ ጅማ ሂርማታ አካባቢ ያለውን ቤታችንን የገዛው በመንደር ውል ነው፦ አንድ ገጽ ወረቀት፣ የሻጭና የገዢ ፊርማ፣ ከግርጌ የምስክሮች ስም። ሻጩም አባቴም ዛሬ በሕይወት የሉም። የሻጩ ልጆች ቤቱን እየጠየቁ ስለሆነ ጠበቃ መያዝ ግድ ሆነብን።

መጀመሪያ ያነጋገርነው ጠበቃ ወረቀቱን ሳይገልጥ «ያለቀለት ጉዳይ ነው፤ ታሸንፋላችሁ» አለን። እናቴ ልቧ አረፈ፤ እኔን የጨነቀኝ ግን ያኔ ነው። ተከራካሪ መልስ ያልሰጠበትን ጉዳይ ውጤቱን ከወዲሁ በምን አወቀው? ያዘጋጀልን የውክልና ረቂቅ ደግሞ «መሸጥ፣ መለወጥ» የሚል ነበረበት። በክርክር ሊቆምልን የመጣ ሰው ቤታችንን የመሸጥ ሥልጣን ምን ያደርግለታል?

ሁለተኛዋ ጠበቃ «እማማ፣ እስቲ አስቀድሜ ወረቀቱን ልየው» አለች። ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕግ ገልጣ ቁጥር 1723ን እኔው እንዳነበው ሰጠችኝ። የቤት ሽያጭ በጽሑፍ መሆኑ ብቻ አይበቃም፤ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት መደረግ አለበት። የእኛ አልተደረገም። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ውል እንደማይጸና መወሰኑን፣ በኋላ ግን ሻጩ መሸጡን ካልካደ ውሉ በዚህ ምክንያት ብቻ እንደማይፈርስ ማለቱን አስረዳችን። «የሻጩ ልጆች ሽያጩን ካመኑ መንገድ አለን፤ ከካዱ ልትሸነፉ ትችላላችሁ። ክስ ሳንጀምር በሽማግሌ እንሞክረው» አለች።

እናቴ ከፋት። እኔ ግን ልደገፍባት የወሰንኩት በዚህ ንግግሯ ነው። ሕጉን በትክክል መተርጎሟን መመዘን አልችልም፤ ወረቀታችንን ማንበቧን፣ የተናገረችው ከየት እንደመጣ ማሳየቷን፣ የሚጎዳንንም አለመደበቋን ግን አይቻለሁ። ክፍያ ከሚያስገኝላት ክስ ይልቅ ሽማግሌን ማስቀደሟም ቀላል ነገር አይደለም። ለጠበቃ የሚከፍለው የሌለው ጎረቤት ቢጠይቀኝ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነጻ የሕግ ድጋፍ እንደሚሰጥ እነግረዋለሁ፤ እዚያም ቢሆን ወረቀቱን ይዞ ይሂድ።

መታረቅ ወይስ መከራከር የሚለውን ግን ለማንም አልሰጥም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለመታረቅ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል። ስለዚህ እናቴ የምትፈርመው ውክልና ክርክሩን ብቻ የሚመለከት ይሆናል። ጠበቃዋም ራሷ ረቂቁን እንደዚያው አድርጋ ጽፋዋለች። ሽማግሌዎቹን የሚያነጋግረው አጎቴ ነው።